የፑላንክን የፍሉት ሶናታ ለመድረክ እንዴት እናዘጋጅ?

ፍሉት የሚማር ሰው ትንሽ ሲጠነክር ይህ ሥራ እጁ መግባቱ አይቀርም። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ፍራንሲስ ፑላንክ ለፍሉትና ለፒያኖ የጻፈው ሶናታ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ከተጻፉት የፍሉት ሥራዎች መካከል በጣም ከሚወደዱት አንዱ ነው። ሦስት ክፍሎች አሉት። ሁሉም ተደምሮ ከ12 እስከ 13 ደቂቃ ይፈጃል። ዜማው አንዴ ከተሰማ ከጆሮ አይወጣም።

ሥራው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በጣት ድክመት አይደለም። የሚበላሸው ተጫዋቹ ስሜቱን ለማሳየት ሲል ጊዜውን ሲጎትት ነው። አንዱ ኖታ ላይ ይቆያል፣ ሌላው ላይ ይሮጣል፣ የሐረጉ መጨረሻ ላይ ይተኛል። ፑላንክ ግን ትካዜውን በኅብረ ድምፁና በዜማው ውስጥ አስቀምጦ ጨርሷል። የእኛ ሥራ ምቱን ሳንለቅ ትካዜው እንዲሰማ መንገድ መክፈት ነው። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ በሙሉ የሚዞረው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። ለሁለታችሁም ነው የምጽፈው፣ ለፍሉቱም ለፒያኖውም። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መሣሪያ ከማንሳታችሁ በፊት

ስለ ሥራው ጥቂት ማወቅ አጨዋወቱን ይለውጣል። ፑላንክ በ1899 ፓሪስ ተወለደ፣ በ1963 እዚያው አረፈ። ይህን ሶናታ የጻፈው ከ1956 መጨረሻ እስከ 1957 የመጀመሪያ ወራት ድረስ፣ በደቡብ ፈረንሳይ በካን ከተማ ነው። ያዘዘው በዋሽንግተን የሚገኘው የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የኩሊጅ ፋውንዴሽን ነበር። ስለዚህም ሥራው በ1953 ላረፈችው የሙዚቃ ደጋፊ ለኤልሳቤት ስፕራግ ኩሊጅ መታሰቢያ ሆኗል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሕዝብ ፊት የቀረበው ሰኔ 18 ቀን 1957 በስትራስቡርግ የሙዚቃ ፌስቲቫል ነው። ፍሉቱን ዣን-ፒየር ራምፓል ተጫወተ፣ ፒያኖው ላይ ፑላንክ ራሱ ተቀመጠ። ይህን ልብ በሉልኝ። ደራሲው የፒያኖውን ክፍል ለራሱ እጅ ነው የጻፈው። ስለዚህ ፒያኖው አጃቢ አይደለም። ፒያኖ ተጫዋቹን ከዝግጅቱ ሁለት ቀን በፊት ጠርቶ «ና አጅበኝ» ማለት ለዚህ ሥራ አይሠራም።

ሌላም አለ። በዚያው 1957 ጥር ወር «የካርሜላውያን ውይይት» የተባለው ኦፔራው ሚላን በሚገኘው ላ ስካላ ተከፍቶ ነበር። ኦፔራው በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ስለተገደሉ መነኮሳት ነው። ሶናታው የተጻፈው በዚያው ሰሞን ነው። ሁለተኛውን ክፍል ስትጫወቱ ይህን ብታስቡ ድምፃችሁ ሌላ ይሆናል።

አሁን አዳምጡ። ራምፓልና ፑላንክ ሁለተኛውን ክፍል አብረው ሲጫወቱ የተቀረጸ ፊልም አለ፣ ፈልጋችሁ እዩት። ራምፓል ከፒያኖ ተጫዋቹ ከሮቤር ቬይሮን-ላክሯ ጋር ያስቀረጸውም አለ። ስታዳምጡ ኖታውን ፊታችሁ ዘርጉ። ለድምፁ ውበት ብቻ ጆሮ አትስጡ። የት እንደሚተነፍስ፣ ፒያኖው የት ፍሉቱን እንደሚበልጥ ምልክት አድርጉ።

ኖታውን ማግኘት

አሳታሚው የለንደኑ ቼስተር ነው። በ1994 የተሻሻለ እትም ወጥቷል፣ በመጀመሪያው ላይ የነበሩ ስህተቶች ታርመውበታል። ከቻላችሁ እሱን ያዙ። ፑላንክ ካረፈ 70 ዓመት ስላልሞላው በአውሮፓ ሥራው በቅጂ መብት ሥር ነው፣ ስለዚህ ገዝታችሁ ተጠቀሙ።

ፍሉት ተጫዋቹ ከራሱ ነጠላ ገጽ በተጨማሪ የፒያኖውን ሙሉ ኖታ መያዝ አለበት። የፍሉቱ ገጽ ላይ እረፍት የሚመስለው ቦታ ፒያኖው ላይ ዜማው የቀጠለበት ሊሆን ይችላል። በእርሳስ የፒያኖውን መግቢያዎች ገጻችሁ ላይ ጻፉ። በእስክሪብቶ አትጻፉ፣ ሐሳባችሁን ትለውጣላችሁና።

ኖታው ላይ የሚያጋጥሟችሁን የፈረንሳይኛ ማሳሰቢያዎች አንድ በአንድ ትርጉማቸውን ፈልጋችሁ ጻፉባቸው። በተለይ «ሳን ራላንቲር» የሚለውን አትለፉት። ሳትዘገዩ ማለት ነው። ፑላንክ ይህን የሚጽፈው ልክ እጃችን መዘግየት የሚፈልግበት ቦታ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ክፍል

ስሙ «አሌግሬቶ ማሊንኮኒኮ» ነው። ቁልፉ ኢ ማይነር፣ ፍጥነቱ በደቂቃ 82 ሩብ ኖታ። ፈጠን ያለ ግን ያዘነ። ሁለቱ ቃላት እኩል ይመዝናሉ፣ «ያዘነ» የሚለው «ፈጠን ያለ» የሚለውን ሊውጠው አይገባም።

ሥራው የሚከፈተው ፍሉቱ በሚጥላቸው አራት ፈጣን ኖታዎች ነው። ሠላሳ ሁለተኛ ኖታዎች ናቸው፣ ከመጀመሪያው ባር (ኖታው ላይ በቋሚ መስመሮች መካከል ካለው የምቶች ክፍል) በፊት ይመጣሉ። ይህች ትንሽ ነገር በመላው ክፍሉ ደጋግማ ስለምትመለስ እዚህ ላይ ጊዜ አጥፉ። በ82 ፍጥነት አንድ ስምንተኛ ኖታ የሚፈጀው የሰከንድ ሲሶ ያህል ነው። አራቱ ኖታዎች በዚያ ውስጥ መግባት አለባቸው። እያንዳንዷ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ታንሳለች ማለት ነው።

ልምምዱ እንዲህ ይሁን። ሜትሮኖሙን (ምት የሚቆጥረውን መሣሪያ) በስምንተኛ ኖታ 80 ላይ አድርጉት። አራቱን ኖታዎች በአንድ ምት ውስጥ፣ እኩል፣ በአንድ ትንፋሽ ተጫወቱ። የመጀመሪያዋን አትምቷት። ክብደቱ የሚያርፈው ከእነሱ ቀጥሎ ባለው፣ የባሩ መጀመሪያ ላይ ባለው ኖታ ነው። እኩል ሲሆኑ ሜትሮኖሙን በአራት በአራት ከፍ እያደረጋችሁ እስከ 164 ውጡ። 164 ስምንተኛ ማለት 82 ሩብ ነው። አንዷ ኖታ ከተዋጠች ያቺን ኖታ ብቻ አስረዝማችሁ ተጫወቱ። ከዚያ ቀጣይዋን። ከዚያ ሦስተኛዋን። ጣቶች እኩል የሚሆኑት እንዲህ ነው።

አሁን አብሮ መጀመር። አራቱ ኖታዎች የሚመጡት በሁለተኛው ምት የመጨረሻ ግማሽ ላይ ነው። ስለዚህ ፍሉት ተጫዋቹ በዝምታ «አንድ፣ ሁለት» ሲል ትንፋሹን በፍጥነቱ ልክ መሳብ አለበት። ቀስ ብሎ ከሳበ ፒያኖ ተጫዋቹ ዘገምተኛ ፍጥነት ይጠብቃል፣ የመጀመሪያው ባር ላይ ትጋጫላችሁ። ይህን አጀማመር ብቻ፣ ሌላ ምንም ሳትጫወቱ፣ ደጋግማችሁ ሥሩ። ፒያኖ ተጫዋቹ ወረቀት አይይ፣ የጓደኛውን ትከሻና አፍንጫ ይይ።

ለፒያኖ ተጫዋቹ እዚህ ያለው ሥራ የሚፈሱት አሥራ ስድስተኛ ኖታዎች ናቸው። እኩል፣ ለስላሳ፣ ከፍሉቱ በታች። ፔዳሉን አትፍሩት። ፑላንክ ፒያኖ የተማረው ከስፔናዊው ፒያኖ ተጫዋች ከሪካርዶ ቪኝስ ሲሆን የፔዳልን ጥበብም ያገኘው ከእሱ እንደሆነ ተናግሯል። የራሱን ሙዚቃ ደረቅ አድርገው የሚጫወቱትን አይወድም ነበር። ኅብረ ድምፁ ሲለወጥ ፔዳሉን ለውጡ፣ ባሱ ግን እስከ ለውጡ ድረስ ይሰማ። ጣት ጥርት፣ ፔዳል ሞላ ያለ፣ ምት ጽኑ። ሦስቱን አንድ ላይ መያዝ ቀላል አይደለም፣ ግን የፑላንክ ፒያኖ ማለት እሱ ነው።

መካከለኛው ክፍል ወደ ኤፍ ሜጀር ይዞራል፣ ነጥብ ያለባቸው ምቶችም ይመጣሉ። ነጥብ ያለውን ኖታ ሙሉውን ያዙት፣ አጭሩን ደግሞ በእውነት አጭር አድርጉት። ሲደክመን አጭሩ ይረዝምና ምቱ ወደ ሦስትዮሽ ይለዋወጣል። ይህን ዜማ በደንብ አስታውሱት፣ ሦስተኛው ክፍል ላይ ይመለሳል።

አንድ የጣት ነገር። ከፍተኛው ኢ በዚህ ክፍል ብዙ ጊዜ ያጋጥማችኋል፣ በባሕርዩም ፍሉት ላይ ይሰነጠቃል፣ ወደ ላይም ይወጣል። በቀስታ መጫወት ሲኖርባችሁ የቀኝ እጅ ትንሿን ጣት አንሱ። ድምፁ ይረጋል፣ ትንሽም ይወርዳል። ፈጣን ቦታ ላይ ግን አያመችም፣ የተለመደውን ተጠቀሙ።

ሁለተኛው ክፍል፣ ካንቲሌና

ይህ ነው የሥራው ልብ። ቢ ፍላት ማይነር ነው፣ አምስት ፍላት። ፍጥነቱ በደቂቃ 52 ሩብ ኖታ። የሚጀምረው ፒያኖው ነው፣ ፍሉቱ በስምንተኛ ኖታ ዘግይቶ የፒያኖውን ዜማ ይከተለዋል። ያ መግቢያ ሁለት ባር ብቻ ነው። ግን ፍጥነቱ የሚወሰነው እዚያ ነው። መሪው ፒያኖ ተጫዋቹ ነው፣ ፍሉቱ በታማኝነት ይከተል። አንዳችሁ ከቸኮላችሁ ማስተጋባቱ ይጠፋና ስህተት ይመስላል።

ከዚያ በኋላ ፒያኖው በስምንተኛ ኖታዎች እየመታ ይሄዳል፣ ፍሉቱ በላዩ ይዘምራል። እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚወድቁት። ዜማው በጣም ያምራል፣ ተጫዋቹ ይቀልጣል፣ ፍጥነቱ ከ52 ወደ 44 ይወርዳል፣ ትንፋሽ ያልቃል፣ ድምፅ ዝቅ ይላል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይበላሻል። ፍጥነቱን ጠብቁ እንጂ ትንፋሹም ይበቃል። የፒያኖው ስምንተኛዎች እንደ ልብ ምት ይሁኑ፣ አይሩጡ፣ አይቁሙ።

የትንፋሽ ቦታዎችን አስቀድማችሁ ወስኑ። በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ በየቀኑ እዚያው ተንፍሱ። ሕጉ አንድ ነው፤ ለትንፋሽ የሚያስፈልገው ጊዜ የሚወሰደው ካለፈው ኖታ ጫፍ ላይ ነው፣ ከሚመጣው ኖታ ላይ መቼም አይወሰድም። የሐረጉን የመጨረሻ ኖታ በትንሹ አሳጥሩት፣ የሚቀጥለውን በሰዓቱ ጀምሩት። ሰሚው የተነፈሳችሁ አይመስለውም። ዋሽንት እየተጫወተ ያደገ ሰው የትንፋሽ አያያዙ እዚህ ይጠቅመዋል። የከንፈሩ አቀማመጥ ግን እንደ አዲስ መሠራት አለበት፣ ዋሽንት ጫፉ ላይ ሲነፋ ፍሉት የሚነፋው በጎኑ ነውና።

ቅኝቱ ከባድ ፈተና ነው። ፒያኖው ኖታውን ከመታው በኋላ ሊያስተካክለው አይችልም፣ የሚስተካከለው ፍሉቱ ነው። ፍሉት በኃይል ሲነፋ ወደ ላይ ይወጣል፣ በቀስታ ሲነፋ ወደ ታች ይወርዳል። እንዲህ ተለማመዱ። መቃኛውን ወይም የሞባይል መተግበሪያውን ፊታችሁ አስቀምጡ። አንድ ቢ ፍላት ይዛችሁ በጣም በቀስታ ጀምሩ፣ ለአራት ምት አሳድጉት፣ ለአራት ምት መልሱት። መርፌው እንዳይንቀሳቀስ አድርጉ። ድምፁ ሲያድግ የአየሩን አቅጣጫ ወደ ታች አዘንብሉት፣ ሲቀንስ ወደ ላይ አንሱት። ይህን የሚሠራው የታችኛው ከንፈርና መንጋጋ ነው፣ ጭንቅላት አይደለም። በመቀጠል ፒያኖ ተጫዋቹ የክፍሉን ኮርዶች እየመታ ያንኑ ልምምድ ድገሙ፣ አሁን በመርፌ ሳይሆን በጆሮ።

ቪብራቶው፣ ማለትም የድምፁ መንቀጥቀጥ፣ ጠባብና ረጋ ያለ ይሁን። ከመጀመሪያው ኖታ ጀምሮ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ለኋላው ምንም አያስቀርም። መካከል ላይ ሙዚቃው ድንገት ይጮኻል፣ ፍሉቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጥቃቅን ኖታዎችም ይበዛሉ። ኃይላችሁን ለዚያ ቆጥቡ። ያ ቦታ ከልብ የወጣ ጩኸት ነው፣ አታፍሩበት። ግን እዚያም ሜትሮኖሙ 52 ነው። መጨረሻው ወደ ዝምታ ይሄዳል። ድምፁ ይቅጠን እንጂ አይውረድ። የመጨረሻውን ኖታ በሆዳችሁ ደግፋችሁ ያዙ፣ ከንፈር ብቻ አይዘው።

ሦስተኛው ክፍል

«ፕሬስቶ ጆኮሶ»፣ ኤ ሜጀር። ከ160 እስከ 168 ሩብ ኖታ። ደስ የሚል ሩጫ ነው። እዚህ ብዙ ማብራራት አያስፈልግም፣ የሚያስፈልገው ሥራ ነው።

ከ100 ጀምሩ። ጥርት ሲል በአራት በአራት ጨምሩ። ቀኑን ሙሉ ከላይ ጀምሮ እስከ ታች መጫወት አይጠቅምም። ከመጨረሻው ገጽ ጀምራችሁ ወደ ኋላ ተማሩት፦ መጀመሪያ የመጨረሻዎቹን ስምንት ባሮች፣ ቀጥሎ ከእነሱ በፊት ያሉትን ስምንት ጨምራችሁ፣ እንዲህ እያላችሁ ወደ ፊት ገጽ። መድረክ ላይ ወደሚታወቀው ነገር እየሮጣችሁ ትሄዳላችሁ እንጂ ወደማይታወቀው አይደለም።

ምላስ። በ160 ፍጥነት ስምንተኛ ኖታዎች በሰከንድ አምስት ያህል ናቸው፣ በነጠላ ምላስ፣ ማለትም እያንዳንዱን ኖታ በ«ቱ» በመጀመር፣ ይወጣሉ። አሥራ ስድስተኛዎች ግን በሰከንድ ከአሥር በላይ ይሆናሉ። ተለያይተው የሚነገሩ ከሆነ ድርብ ምላስ ግድ ነው፣ «ቱ-ኩ፣ ቱ-ኩ»። ደካማዋ «ኩ» ናት። ስለዚህ አንድ ስኬል በሙሉ በ«ኩ» ብቻ በቀስታ ተጫወቱ። ለጥቂት ቀን አስቀያሚ ይሆናል፣ ከዚያ ይስተካከላል።

ለንጽሕና ስትሉ 168 ላይ ካልደረሳችሁ በ152 ተጫወቱት። ጥርት ያለ 152 ከተድበሰበሰ 168 የበለጠ ፈጣን ሆኖ ይሰማል። ጨዋታው ያለው በምቱ ጥርትነትና በአጫጭር ኖታዎቹ ብልጭታ ውስጥ ነው።

ሩጫው መካከል ላይ በድንገት ይገታል። «ሜላንኮሊክ» የሚል ማሳሰቢያ ታያላችሁ። የመጀመሪያው ክፍል ዜማ ይመለሳል፣ ያ ነጥብ ያለበት። እኔ የሥራው ሁሉ ቁልፍ ይህ ይመስለኛል። ደስታው መካከል ላይ ትካዜው በሩን ከፍቶ ይገባል፣ ጥቂት ቆይቶም ይወጣል። በመጀመሪያው ክፍል የተጫወታችሁበትን ድምፅ እዚህ በትክክል መልሱት፤ ያው ቀለም፣ ያው የምት ጥራት። ሰሚው ማስታወስ አለበት። ከዚያ ፕሬስቶው ሲመለስ ያለ ማቅማማት፣ በአንዴ፣ በሙሉ ፍጥነት። ሁለታችሁ ይህን መመለሻ ዓይን ለዓይን እየተያያችሁ ተለማመዱት። የትኛው ምት ላይ እንደምትገናኙ አስቀድማችሁ ተስማሙ፣ በዕድል አትተዉት።

ወደ መጨረሻው ስትቃረቡ ፍጥነት መቀነስ ያምራችኋል። አትቀንሱ። ደራሲው በግልጽ ከልክሎታል።

አብሮ መለማመድ

ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ልምምዶች ያለ ዝግጅት ጭንቀት አድርጉ። አንዱ ዘዴ ይህ ነው፦ ፍሉት ተጫዋቹ ፍሉቱን አስቀምጦ ፒያኖውን ብቻ ያዳምጥ፣ የራሱን ክፍል በውስጡ ይዘምር። ቀጥሎ ፒያኖ ተጫዋቹ ግራ እጁን ብቻ ይጫወት፣ ፍሉቱ ይግባ። ባሱን በደንብ የሰማ ፍሉት ተጫዋች ቅኝቱም ምቱም ይስተካከልለታል።

የድምፅ ሚዛን። ፍሉት ታችኛው ኦክታቭ ላይ ደካማ ነው፣ ላይኛው ላይ ጠንካራ። ኖታው ላይ ለሁለታችሁም አንድ ዓይነት የኃይል ምልክት ቢኖርም ፍሉቱ ታች ሲወርድ ፒያኖው መቀነስ አለበት። ፍሉቱ ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ ፒያኖው ሙሉ ድምፁን ማውጣት ይችላል፣ እንዲያውም ማውጣት አለበት። የፒያኖውን ክዳን ሙሉ በሙሉ አትዝጉት፣ ድምፁ ይታፈናል። በአጭሩ ድጋፍ ክፈቱትና አንድ ሰው አዳራሹ ጀርባ ላይ ቆሞ ይስማላችሁ። እናንተ መድረኩ ላይ የምትሰሙትና እሱ የሚሰማው አንድ አይደለም።

ልምምዱን በሞባይል ቅረጹ። ስትሰሙ ሜትሮኖም ከቀረጻው ጎን አስነሱ። ካንቲሌናው የት እንደዘገየ፣ የመጀመሪያው ክፍል የት እንደሮጠ ወዲያው ይታያችኋል።

የዝግጅቱ ዕለት

ፍሉት ሲቀዘቅዝ ድምፁ ይወርዳል። መድረክ ከመውጣታችሁ በፊት ሞቅ አድርጉት፣ ከዚያ በፒያኖው ኤ ቃኙ። አንድ ኖታ ብቻ አይበቃም። ታችኛውንና መካከለኛውን ኤ፣ ቀጥሎም የካንቲሌናው መሠረት የሆነውን ቢ ፍላት ከፒያኖው ጋር አስተያዩ። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ክፍል መካከል ፍሉቱን አፋችሁ አጠገብ አቆዩት፣ አየር ሳታሰሙ በቀስታ አሙቁት፤ ቀጥሎ የሚመጣው ቀስ ያለ ድምፅ ነውና።

ለፒያኖው ገጽ ገላጭ ሰው አዘጋጁ፣ አንድ ጊዜም ቢሆን አብሯችሁ ይለማመድ። በተለይ ሦስተኛው ክፍል ላይ ገጹ በፍጥነት ስለሚያልፍ ገላጩ ከገጹ መጨረሻ ሁለት ባር ቀድሞ እጁን ገጹ ላይ ማድረግ አለበት። ሰው ካልተገኘ ገጾቹን ቅጂ አድርጋችሁ ለጥፉ፣ ወይም ታብሌት ከእግር መግለጫ ጋር ተጠቀሙ። ባትሪውን ግን ጠዋት ሙሉት።